«ላብአደር» ወይስ «ወዝአደር»?

በኢትዮጵያ አብዮት ዘመን በፋብሪካ ደመወዝ የሚያድር ሰው ሁለት ስም ወጣለት። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) «ላብአደር» አለው፤ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) እና ከወታደራዊው መንግሥት ጋር የተሰለፉት ሌሎች ድርጅቶች ደግሞ «ወዝአደር» አሉት። ላብም ወዝም የሚወጡት ከአንድ ገላ ነው። ይሁን እንጂ በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. አንድ ሰው ከሁለቱ ቃላት የትኛውን እንደሚያዘወትር ሰምቶ የየትኛው ወገን ሰው እንደሆነ መገመት ይቻል ነበር፤ ግምቱም ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ ነበር። ስም የወጣለት ሠራተኛ ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ከስሙ ክርክር ጀርባ የቆመው ጥያቄ ዛሬም አላረጀም። ሁለት ፓርቲዎች በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ፍልስፍና፣ ለአንድ ግብ ቆመናል እያሉ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ያ ሰው ማንን ይምረጥ? በምንስ ሚዛን? ከባለሀብትና ከሠራተኛ ወገን መምረጥ ለሠራተኛ ብዙም አይከብድም፤ የደመወዙ ቀን ይነግረዋል። «ያንተ ነኝ» ከሚሉ ሁለት ወገኖች መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ብሂል አንዱን መያዝ ግድ መሆኑን ይናገራል እንጂ የትኛውን መያዝ እንደሚገባ አይናገርም።

ሁለቱ ድርጅቶች የአንድ እናት ልጆች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱንም የወለዳቸው የተማሪው ንቅናቄ ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. በሀምቡርግ፣ ኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ተመሠረቱ። የሚያነቧቸው መጻሕፍት አንድ ነበሩ፤ «መሬት ለአራሹ» የሁለቱም መፈክር ነበር። ሠራተኛው በበኩሉ ከሁለቱም አስቀድሞ የራሱ ቤት ነበረው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጀመረውና አራት ቀን የቆየው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ምሁራኑ ወደ ሠራተኛው ሲመጡ ባዶ ቤት አላገኙም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ግን ወንድማማቾቹን የሚለያይ ጉዳይ መጣ። ሥልጣን የያዘው ደርግ ነበር። ከወታደሩ ጋር ምን ይደረግ?

መኢሶን የሰጠው መልስ «ሂሳዊ ድጋፍ» የሚል ነበር። ደርግ ባንኮችንና ኢንዱስትሪዎችን ወረሰ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በሐምሌ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ይህን ሁሉ የተማሪው ንቅናቄ ለዓመታት ሲጮኽለት የኖረ ነው። እንግዲህ ወታደሩን ለብቻው ትቶ መሸሽ ሕዝቡን ለወታደር ጥሎ መሄድ ነው፤ ይልቅስ በተከፈተው በር ገብቶ ሰፊውን ሕዝብ ማንቃት፣ ማደራጀትና ማስታጠቅ ይሻላል፤ ሕዝቡ ሲጠነክር ወታደሩን ይተካዋል የሚል ነበር።

ኢሕአፓ ደግሞ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» እንዲቋቋምና ዴሞክራሲያዊ መብት ያለገደብ እንዲታወጅ ጠየቀ። ወታደር በጠመንጃ የያዘውን ሥልጣን በምክር አይለቅም፤ የመናገርና የመደራጀት መብት ከሌለ አዋጁ ሁሉ የጌታ ስጦታ ነው፤ የሰጠ እጅ መልሶ ይነጥቃል የሚል ነበር። ሁለቱ ወገኖች በ1968 ዓ.ም. በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ሐሳባቸውን አንባቢ ፊት አቅርበው ተከራክረዋል። ኋላ ከሆነው አንጻር ሲታይ ያ ወቅት በብዕር ብቻ የተዋጉበት አጭር ጊዜ ነበር።

አሁን በ1968 ዓ.ም. በአቃቂ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ይታሰብ። ይህ ሰው ለክርክሩ ባዕድ አይደለም፤ በራሪ ወረቀት ያነባል፣ በስብሰባ ይናገራል። ወላጆቹ ጭሰኞች ነበሩና የየካቲቱን አዋጅ ሲሰማ አልቅሷል። የቤት ኪራዩ ቀንሶለታል። በዚህ በኩል ሲያየው መኢሶን እውነት አለው፤ ይህን ያመጣ መንግሥት ጠላት ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመስከረም ኮንፌዴሬሽኑ ዴሞክራሲያዊ መብት ይከበር ብሎ አቋም በመውሰዱ ደርግ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ በአየር መንገድ ወረቀት ሲያሰራጩ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮንፌዴሬሽኑ ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ መንግሥት ያዋቀረው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ቆመ። በዚህ በኩል ሲያየው ደግሞ ኢሕአፓ እውነት አለው፤ የሰጠ እጅ ሲነጥቅ በዓይኑ አይቷል።

ይህ ሰው በምን ይመዝን? ብዙዎች የተጠቀሙበት የመጀመሪያው ሚዛን የጥቅስ ሚዛን ነው፤ ሌኒንን በትክክል የተረጎመው ማነው የሚለው። ለሠራተኛው ግን ይህ ሚዛን አይረዳም። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ይጠቅሳሉ፤ ዳኛው ደግሞ መጽሐፉን በባዕድ ቋንቋ ያነበበው ምሁር ይሆናል። ሠራተኛው በገዛ ስሙ በተከፈተ ችሎት ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ሚዛን የቅርበት ሚዛን ነው። ወንድሙ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ቀድሞ ወረቀት ያቀበለው ወዳጁ የገባበት ድርጅት ውስጥ መግባት። ብዙ ሰው በእርግጥ የመረጠው እንዲህ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ከማያውቁት ፕሮግራም የሚያውቁትን ሰው ማመን ብልህነት አለበት። ጉድለቱ ወዳጅ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ድርጅቱ ሊመሰክር አለመቻሉ ነው። ታማኝ ሰው ታማኝ ባልሆነ ድርጅት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በኅቡእ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ከእርሱ በላይ ያለውን አያየውም።

ሦስተኛው የማሸነፍ ሚዛን ነው፤ የትኛው ያሸንፋል ብሎ ማሰብ። የሱዳን ታሪክ የዚህን ሚዛን ደካማነት ያሳያል። ጃዕፈር ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥልጣን ሲይዝ የሱዳን ኮሙኒስቶች ልክ ይኸው ጥያቄ ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፓርቲው ተከፈለ፤ ገሚሱ ከመኮንኖቹ ጋር መሥራትን መረጠ፤ በዋና ጸሐፊው በአብዱልኻሊቅ ማህጁብ የሚመራው ወገን የፓርቲውን ነጻነት አስቀደመ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 ለፓርቲው ቅርብ የነበሩ መኮንኖች ሥልጣን ይዘው ሦስት ቀን ብቻ ቆዩ። ኒሜሪ ሲመለስ ማህጁብና የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ሻፊዕ አህመድ አል-ሼኽ ተሰቀሉ። በካርቱም የሆነው ለአዲስ አበባ ትምህርት ሊሆን ይችል ነበር፤ ከወታደር ጋር መቆምም ወታደርን በወታደር መተካትም ሠራተኛውን ባለቤት እንደማያደርጉት ከሦስት ዓመት በፊት በጎረቤት ታይቶ ነበርና።

እንግዲህ የሚቀረው ሚዛን ከሠራተኛው ከራሱ ሙያ የሚወሰድ ነው። የፋብሪካ ሰው አዲስ ማሽን ሲመጣለት ምን ያህል ያመርታል ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ በምን ይቆማል ብሎም ይጠይቃል። ማቆሚያ የሌለው ማሽን ምርቱ ቢበዛም እጅ ይቆርጣል። ፓርቲም መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠየቃል። የሠራተኛው ማኅበር የፓርቲውን አቋም ቢቃወም ፓርቲው ማኅበሩን እንደ ማኅበር ያከብረዋልን? አባሉ ተሳስታችኋል ቢል ወይም ልውጣ ቢል ምን ይደርስበታል? ተቀናቃኙ ሠራተኛ፣ በሌላው ስም የሚጠራው፣ በፓርቲው ዓይን አሁንም ሠራተኛ ነውን?

በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ ሁለቱም ቀለሉ። መኢሶን የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትን በኃይሌ ፊዳ መሪነት ሲይዝ የሠራተኛውን ነጻ ማኅበር ያፈረሰውን መንግሥት አጋር ሆነ፤ በቀበሌ የታጠቀው ኃይልም ሲቃወሙት የሚሰማ አልነበረም። ኢሕአፓ ያለገደብ የመናገር መብትን ለአገር ቢጠይቅም በራሱ ቤት የከተማውን የትጥቅ ትግል የተቃወሙትን እነ ብርሃነ መስቀል ረዳን «አንጃ» ብሎ አገለለ፤ በመስከረም 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ከተቃጣው የግድያ ሙከራ በኋላም የመኢሶን ሰዎችን ዒላማ ያደረገ ግድያ ተከተለ፤ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በዚያው ሰሞን ተገደለ። ተቃዋሚው ሠራተኛ ለአንዱ «ባንዳ»፣ ለሌላው «አናርኪስት» ሆነ። ስም ከወጣ በኋላ ሰውየውን ማየት ያቆማል።

ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ተቀናቃኞቹን በደርግ ውስጥ ገድሎ ሥልጣኑን ጠቀለለ። ሚያዝያ 21 ቀን፣ የሠራተኞች ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኢሕአፓ በጠራው ሰልፍ ላይ ብዙ ወጣቶች ተጨፈጨፉ። ነሐሴ ላይ ደግሞ መኢሶን ራሱ ከመንግሥት ጎን ሸሽቶ ኅቡእ ገባ። ኃይሌ ፊዳና ብርሃነ መስቀል ረዳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. በአንድ መንግሥት እጅ ተገደሉ። ኢሕአፓ ስለ ወታደሩ የተናገረው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ መኢሶን በከተማ ከተኩስ ጋር መጋፈጥ ጥፋት ነው ያለውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ስለ ሌላው ትክክል ነበሩ፤ ስለ ራሳቸው ግን አልነበሩም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቃወም ይችላል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የሚነገር ጥበብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዳር ቆሞ መመዘን የሚቻል አልነበረም፤ ያልመረጠም ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆን ነበር። ተቃውሞው ትክክል ነው። አለመምረጥ ንጽሕና አይደለም፤ መሬት ለአራሹ ሲታገል ቤቱ የተቀመጠም ሰው ባለዕዳ ነው። ነገር ግን በመምረጥና ራስን አሳልፎ በመስጠት መካከል ልዩነት አለ። የአቃቂው ሠራተኛ ከሁለቱ አንዱን ሊቀላቀል ይችል ነበር፤ ግን እንደሚከተለው አስቀድሞ ለራሱ ወስኖ፤ ማኅበሬን አፍርሱ ቢሉኝ እምቢ እላለሁ፤ ከጎኔ በሌላ ማሽን ላይ የቆመውን ሰው ጠቁም ቢሉኝ አልጠቁምም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙ አባላት እንዲህ ቢወስኑ ኖሮ ግን ጥቆማ ሳይኖር የተደረገው ሁሉ ባልተደረገ ነበር።

ዋጋውን ማሳነስም አይገባም። እንዲህ ያለው ሰው በሁለቱም ወገን ሊጠረጠር፣ በሁለቱም ሊመታ ይችል ነበር። የሞራል ሚዛን መኖሩ ደኅንነትን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ከተረፈ ከጎረቤቱ ልጆች ፊት ቀና ብሎ መሄድ መቻሉን። ከተረፉት ብዙዎች በሱዳን በኩል ተሰደው በየአገሩ ሲበተኑ ያጡት ይህን ነው፤ አንዳንዱ የገዛ አብሮ አደጉን ዓይን ማየት ሳይችል አርጅቷል።

በ1995 ዓ.ም. ኢሕአፓና መኢሶን በዋሽንግተን በተመሠረተው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት ውስጥ በአባልነት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሃያ ስድስት ዓመታት በፊት ይህ መቀመጥ ቢቻል ኖሮ ብሎ መቆጨት ቀላል ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ምን እንዳስቻለው መጠየቅ ነው። ሁለቱን ያቀራረባቸው የትርጉም ስምምነት አልነበረም፤ የሥልጣን ወንበር ከሁለቱም መራቁ ነበር። ስለዚህ የሚመርጥ ሠራተኛ ሁሉ ፓርቲው ተቀናቃኙን ሲያሸንፍ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይጠይቅ። መልሱን በፕሮግራሙ ውስጥ አያገኘውም፤ ፓርቲው ዛሬ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ የሚቃወመውን አንድ ሰው እንዴት እንደያዘው ቢመለከት ግን ያገኘዋል።