ሚስማር ያልጣለ እግር

ከዙሪክ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ዛሬ ቪንዲሽ በምትባለው ቦታ፣ ቪንዶኒሳ የተባለ የሮማውያን ጦር ሰፈር ነበረ። ጦሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ101 ገደማ ለቆ ሲሄድ፣ በዓመታት የተጠራቀመ የቆሻሻ ክምር ከኋላው ተወ። በእርጥቡ ክምር ውስጥ የለፋው ቆዳ ሳይበሰብስ ስለ ቆየ፣ ሊቃውንት ከመስፊያው ቀዳዳ የስፌቱን ዓይነት፣ ከሚስማሩ አሰላለፍ የጫማውን ግርጌ፣ ከግርጌውም መበላት የባለቤቱን አካሄድ ያነባሉ። የሱፍ እግር መጠቅለያውና ገምባሌው ግን እምብዛም አልተረፈም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ግምት ነው። ሐቀኛ ባለሙያ ያየውን ከገመተው ለይቶ ያሳያል።

ይሁንና ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ምድር የምትመሰክረው ጫማ ለነበረው ብቻ ከሆነ፣ በባዶ እግሩ ላለፈው ማን ይመስክርለት?

የጥንቷን ሮማ ግዛት አድሳለሁ ብሎ የተነሣው የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ከወታደሮቻችን ብዙዎቹ ጫማ አልነበራቸውም፤ መርዝ የወረደበትን ሣር ሲረግጡ እግራቸው ተቃጠለ። ከእነርሱ ዱካ የሚለቀም ሚስማር የለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ መርዙ የተናገሩት ቃል ግን በመዝገብ ይገኛል።

እንግዲህ የጠፋውን መልሶ የሚሠራ ሁሉ፣ አገሩን ከሩቅ በትዝታ የሚሠራው ስደተኛም ጭምር፣ ሁለት ዕዳ አለበት፤ ያላየውን አየሁ አለማለት፣ ቅሪት ያልተገኘለትንም አልነበረም አለማለት።