በእጃችን ያለውና የሌለው



በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በአፍሪቃ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ፣ ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ለውይይት ተቀምጠን ነበር። ከጅግጅጋ አካባቢ የመጣ አንድ ወንድማችን እጁን አነሣና እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ፍየሎቻቸው ያለቁባቸው አንዲት እናት ወደ እኔ መጥተው ነበር። እኔም ‹እማማ፣ ዝናቡ በእጅዎ አይደለም፤ በእጅዎ ባለው ነገር ላይ ይበርቱ› አልኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጽናንቻቸው ይሁን ወይም ከደጄ ሸኝቻቸው ይሁን አላውቅም።»

በዚያ ቀን የሰጠነው መልስ አጥጋቢ አልነበረም። ምክሩ መልካም እንደ ሆነ ነግረነው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፍን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ያን ጊዜ ያለፍነውን ጥያቄ መልሰን ለማንሣት ነው።

ወንድማችን ለእኒያ እናት የሰጠው ምክር ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነው። በግብሩ ሐዋርያት እንደምናነበው ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተማ ሳለ ሊከራከሩት ከመጡት ፈላስፎች መካከል ኢስጦኢኮች የተባሉት ይገኙ ነበር። ትምህርታቸውን ዜኖን የተባለ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በዚያችው ከተማ በአንድ ባለ ሥዕል ሰቀላ ሥር የጀመረው ሲሆን፣ ስማቸውም ከዚያ ሰቀላ የመጣ ነው። ከእነርሱ መካከል በእጅ ስላለውና ስለሌለው ነገር ከሁሉ ይበልጥ አብራርቶ ያስተማረው ኤፒክቴቶስ ነው። ይህ ሰው የተወለደው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በተጠቀሰችው በሄራፖሊስ ነበር፤ በሮም ባሪያ ሆኖ ኖረ፤ እግሩም ሽባ ነበረ። በኋላ ነጻ ወጥቶ ሲያስተምር፣ ደቀ መዝሙሩ አሪያን ቃሉን በጽሑፍ አኖረልን። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሐሳባችን፣ ፍላጎታችንና ፈቃዳችን የእኛ ናቸው፤ አካላችን፣ ሀብታችን፣ ስማችንና ሹመታችን ግን የእኛ አይደሉም። የእኛ ያልሆነውን እንደ እኛ ቆጥሮ የያዘ ሰው ዘወትር ሲያዝንና ሰውን ሲወቅስ ይኖራል። በባርነት የኖረ ሰው ይህን ማለቱ ቀላል አይደለም፤ ጌታው እግሩን ሊያስር ይችል ነበር፣ ፈቃዱን ግን ሊያስር አይችልም ነበር። የጥንት መነኮሳትም ይህን ትንሽ መጽሐፍ ወደዱት፤ ለገዳም እንዲስማማ አድርገው ሲያዘጋጁት በአንደኛው ቅጂ የሶቅራጥስን ስም አውጥተው የጳውሎስን ስም እስከ ማስገባት ደርሰዋል።

ምክሩ በእኛ አገር ሥራ ፈት እንደማይሆን የምሥራቁን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅግጅጋን ያዘ፤ የካቲት 26 ቀን ከተማዋ ተመልሳ ተያዘች። በዚያ መካከል ቤቱን ትቶ የሸሸው ነዋሪ የጦርነቱን መጀመሪያም ሆነ መጨረሻ አልተጠየቀም። ከ1993 እስከ 2002 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተባለው በሽታ ምክንያት ከአፍሪቃ ቀንድ የሚሄዱ የቁም እንስሳትን አግዳ ነበር። አንድ አርብቶ አደር በጉን ወደ ገበያ ሲነዳ የበጉ ዋጋ ባሕር ማዶ ተቆርጦ ያድር ነበር ማለት ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሰበብ በሺኒሌና በአይሻ በኩል ዝናቡ ሲቀር፣ ያ ሰበብ የተነሣው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ነበር። እንዲህ ባለ አገር «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ መለየት የማያውቅ ሰው ልቡ በጊዜው ያልቃል።

ሆኖም እዚያው አገር የሚታይ አንድ ነገር ጉዳዩን በሌላ በኩል እንድናየው ያደርገናል፤ ይኸውም ብርካ ነው። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ፣ በሐርቲሼክና በሐርሺን አቅጣጫ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ የከርሰ ምድሩም ውኃ ጥልቅ ነው። ስለዚህ ሰው መሬቱን ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ አልብሶ፣ የጎርፍ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ያበጃል። በዝናብ ጊዜ ከሜዳው የሚወርደው ጎርፍ በትንንሽ የአፈር ክትሮች ተመርቶ ይመጣል፤ ከመግቢያው ፊት ባለች ትንሽ ጉድጓድ ደለሉን ይጥላል፤ ከዚያም ወደ ብርካው ይገባል። ከላይ ፀሐይ እንዳያተነው በቅርንጫፍና በሣር ይከደናል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 6፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ብርካ ቢሞላ 270 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ይህም 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ሲሰፈር 1350 በርሜል ነው። አንድ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጅላል ወራት፣ ማለትም በደረቁ ወቅት፣ በዚያ መንገድ ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ከልጆቻቸው ጋር የባዶ ብርካቸውን ደለል ሲያወጡ አገኘናቸው። ፀሐዩ ብርቱ ነበር፤ በሰማዩ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። ሰላምታ ከሰጠናቸው በኋላ «አዴር፣ ጉ ባይዘንብስ?» ብለን ጠየቅናቸው። (አዴር በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ሲሆን ታላላቆች በአክብሮት የሚጠሩበት ነው፤ ጉ ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጠበቀው ዝናብ ነው።) አካፋቸውን ሳያስቀምጡ «ባይዘንብ ጉድጓዱ ይቆያል። ዘንቦ ጉድጓዱ በደለል ተሞልቶ ቢገኝ ግን ለእነዚህ ልጆች ምን እላቸዋለሁ?» አሉን። ደግሞም ግድግዳው ባዶውን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከመታው እንደሚሰነጠቅ፣ ስንጥቁም ዝናብ ከመምጣቱ በፊት መለሰን እንዳለበት እጃችንን ይዘው አሳዩን። ከጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ዘንድ ግመልን አስቀድሞ አስሮ ከዚያ በፈጣሪ መታመን እንደሚገባ የሚያስተምር የታወቀ ትውፊት አለ፤ እኚያ አባት ግን ስለ ትውፊት አልተናገሩም፣ ስለ ስንጥቁ ነበር የነገሩን።

እንግዲህ ብርካው በኤፒክቴቶስ ክፍፍል ከየትኛው ወገን ይቆጠራል? ንብረት ስለ ሆነ «የእኛ ካልሆነው» ወገን ሊመድበው ይችላል። ዳሩ ግን ዝናብን ማዘዝ የማይችል ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚሆነውን ነገር ከፊሉን ወደ እጁ ማምጣት እንደሚችል ብርካው ያሳያል። ለአባት ያልተቻለው ለልጅ ተቻለ፤ ለአንድ ሰው ያልተቻለው ለአንድ ጎሣ ተቻለ። በእጃችን ያለውንና የሌለውን የሚለየው ድንበር ተራራ እንዳለበት ሥፍራ የጸና አይደለም ማለት ነው። (ብርካ ያመጣው ችግር እንዳለም መካድ አይገባም፤ ውኃ ባለበት ሰፈራ ይበዛል፣ ሰፈራ በበዛበት ግጦሹ ያልቃል፣ በመሬቱም ይጣሉበታል። አንድ ነገር ወደ እጅ ሲገባ አዲስ ተጠያቂነት ይዞ ይገባል።)

በ1980 ዓ.ም. የሐርጌሳ ከተማ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ በሐርቲሼክ ሰፈረ። ሰፈሩ በዘመኑ በዓለም ካሉት ትልልቆቹ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆኖ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ። ቦታው ውኃ ስላልነበረው ውኃው በቦቴ መኪና ከሩቅ ይጓጓዝ ነበር። ለአንዲት ስደተኛ እናት ያ ውኃ በእጇ አልነበረም። ለሹፌሩ፣ ለመካኒኩ፣ ነዳጁን ለፈረመው ጸሐፊ ግን በእጃቸው ነበር። ከእነርሱ አንዱ በዚያ ቀን «የእኔ ባልሆነው ነገር አልጨነቅም» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ጥበበኛ ሊባል ይችል ነበርን?

ወደ ወንድማችን ጥያቄ የሚወስደን መንገድ ይህ ይመስለናል። ኤፒክቴቶስ የሚያለቅስ ሰው ስናይ በቃል እንድናጽናናው፣ እንዲያውም አብረነው እንድናቃስት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በውስጣችን እንዳናቃስት ያስጠነቅቀናል። ከዚህ ላይ ከእርሱ ጋር እንለያያለን። ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ፤ ያም ለታይታ እንዳልነበረ ወንጌሉ በግልጽ ይነግረናል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ይህን ክርክር ሲመረምር፣ የልብ ስሜት ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት ኢስጦኢኮች ይልቅ፣ በአእምሮ የሚመራ ስሜት ለመልካም ሥራ ይረዳል ወደሚሉት አዘነበለ።

ስለ ፍርሃት ግን ከኢስጦኢኮች የምንማረው አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ሁከት ሲነሣ ሰዎች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ከዚያ በኋላ «ያን ቀን ተንቀጠቀጥሁ፤ እምነቴ የት ነበር?» እያሉ ራሳቸውን የሚወቅሱ ምዕመናን አጋጥመውናል። ለእነዚህ ወገኖች አንድ የቆየ ታሪክ እንነግራቸዋለን። አውሉስ ጌሊዩስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ በመርከብ ሲጓዝ ብርቱ ማዕበል ተነሣ፤ በመርከቡ ላይ የነበረው የታወቀ ኢስጦኢካዊ ፈላስፋም ፊቱ ገረጣ። ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ባለጸጋ አፌዘበት፤ ጌሊዩስ ግን በትሕትና ምክንያቱን ጠየቀው። ፈላስፋውም ከከረጢቱ የኤፒክቴቶስን መጽሐፍ አውጥቶ አሳየው፦ ድንገተኛ ነገር ልብን ሲመታ መደንገጥና መገርጣት በጥበበኛ ሰው ፈቃድ ሥር አይደለም፤ በፈቃዱ ሥር ያለው ከዚያ በኋላ ለድንጋጤው መስማማት ወይም አለመስማማት ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን ታሪክ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። በዚያ የሐምሌ ቀን የጉልበት መንቀጥቀጥ የማንም ኃጢአት አልነበረም። ለሚሮጥ ጎረቤት በርን መክፈት ወይም መዝጋት፣ በማግሥቱም በቀልን በልብ ማሳደር ወይም አለማሳደር፣ ያ የእያንዳንዱ ነበር። ይህንም ስንል፣ ከዚያ በር ውጭ ቆመን ሌላውን ለመፍረድ እንዳንደፍር እንጠነቀቃለን።

ዘመናችንም የዚህን ምሳሌ አሳይቶናል። ቬትናማዊው ጳጳስ ፍራንሷ ዣቪየር ንጉየን ቫን ቱዋን እ.ኤ.አ. በ1975 ተይዘው 13 ዓመት ታሰሩ፤ ከእነዚህም 9ኙን ለብቻቸው ተዘግተው አሳለፉ። መጀመሪያ ላይ ያሠቃያቸው ሥራቸው ነበር፤ ሕዝባቸው ያለ እረኛ መቅረቱን፣ የጀመሩት ሁሉ መቋረጡን እያሰቡ እንቅልፍ ያጡ እንደ ነበር በኋላ ተርከዋል። ከዚያ ነፍስን የሚፈልገው እግዚአብሔር ራሱ እንደ ሆነ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ግን በእርሱ በእግዚአብሔር ፈቃድ ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል ተረዱ። ይህን ከተረዱ በኋላ ያደረጉትን ልብ እንበል። አንድ ልጅ አሮጌ የግድግዳ መቁጠሪያ ወረቀቶች እንዲያመጣላቸው ጠየቁና በጀርባቸው ላይ ለምዕመናኖቻቸው መልእክት ይጽፉ ጀመር፤ የልጁ ቤተሰቦችም እየገለበጡ አሰራጩት። የጎደለባቸውን ነገር ትተው ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ከሌላ ሰው ጋር ሆነው የሚቻል ነገር ፈለጉ።

እንግዲህ ለወንድማችን ያን ቀን ልንለው ይገባን የነበረው ይህ ነው። «ይህ በእጄ አይደለም» የሚለው ቃል ሰው ለራሱ ሲናገረው መድኃኒት ነው። ለሌላው ስንናገረው ግን ቃሉን የምንናገር እኛው ከዚያ ሰው ሕይወት ውስጥ በእጃችን ያለ ነገር እንዳለ ይሰወርብናል። ዝናቡ በእኒያ እናት እጅ አልነበረም፤ እርሳቸው ግን በዚያች ሰዓት በወንድማችን ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስንት ፍየል እንደ ነበራቸው፣ ልጆቻቸው የት እንዳሉ፣ ማታ ምን እንደሚበሉ ገና አልጠየቃቸውም ነበር።

ከውይይቱ በኋላ ወንድማችን ወደ ቤታቸው መሄዱን ሰምተናል። ቡና አፍልተው ተቀበሉት። መጀመሪያውንም የመጡት ለመጽናናት ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነገሩት፤ ማንበብ ስለማይችሉ፣ የሶማልኛ ቋንቋም እምብዛም ስለማይሰሙ፣ ለእህል እርዳታ የሚመዘገቡበት ቀን ማለፍ አለማለፉን እንዲጠይቅላቸው ፈልገው ነበር። ምክሩን ሲጀምር ግን ማቋረጡን አፈሩ። አብረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ምዝገባው አልፏል፤ ለሚቀጥለው ዙር እንዲመለሱ ተነገራቸው፤ ወንድማችንም ቀኑን በደብተሩ ላይ ጽፎ ያዘ።