የደረቀ ዛፍ ክብር

አንድ ትልቅ ዛፍ ሲደርቅ ለአካባቢው ሰው የሚቀርበው ምርጫ ብዙ አይደለም፤ ወይ ተቆርጦ ለማገዶ ይውላል፣ ወይ ራሱ እስኪወድቅ ይጠበቃል። በአንዳንድ ከተሞች ግን ሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ ግንዱን በቆመበት ቀርጾ ሐውልት ማድረግና በእርሱም ጎብኚ መሳብ። ይህ ለዛፉ ክብር ነውን? ወይስ ከሞቱ ትርፍ መልቀም?

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኘው የጋልቨስተን ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1900 የደረሰባት አውሎ ነፋስ ቢያንስ 6,000 ሰው ከፈጀ በኋላ ነዋሪዎቿ ጎዳናዎቿን በኦክ ዛፍ አለበሷቸው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ደግሞ «አይክ» የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ ከተማዋ ገፋው፤ ጨዋማው ውሃ ሥር ውስጥ ገብቶ 40,000 ያህል የሚገመቱ ዛፎችን አደረቀ። ባለቤቶቹም ቀራጮች ጠርተው በየደጃቸው የቀሩትን ግንዶች በዶልፊን፣ በወፍና በመልአክ አምሳል አስቀረጹ። ቅርጾቹም ከተማዋ ለእንግዳ ከምታሳያቸው ነገሮች አንዱ ሆኑ።

ነቃፊው የሚለው አለው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ጥላው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በነጻ ነበር፤ ዋጋ የወጣለት ከሞተ በኋላ ነው። ከደረቀ ዛፍ ገቢ ማግኘት የለመደ ከተማ ለለመለመው ምን ያህል ይጨነቃል? ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ይሁንና የጋልቨስተንን ዛፎች የገደለው ባሕሩ እንጂ የቀራጩ መሮ አይደለም። ከሞቱት ዛፎች የተወሰደ እንጨትም እ.ኤ.አ. በ1841 የተሠራችውን «ቻርልስ ደብሊው ሞርጋን» የተባለች መርከብ ለመጠገን ውሏል፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2014 ዳግም በባሕር ላይ ተጉዛለች። ስለዚህ የሞተን ነገር ለአገልግሎት ማዋል በራሱ ነውር አይሆንም። ነውሩ ለግንዱ ሲባል የቆመውን መግደል ነው።

ሆኖም ሐውልት ሁሉን አይተካም። በኢትዮጵያ ዋርካ ሽማግሌ የሚያስታርቅበት፣ ኦዳም የገዳ ጉባኤ የሚሰበሰብበት ዛፍ ነው። ክብራቸው ከመልካቸው ይልቅ በሥራቸው ከተቀመጠው ሰው ጋር የተያያዘ ነው። ዋርካ ደርቆ በአንበሳ አምሳል ቢቀረጽ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል፤ የተጣላ ጎረቤት ግን ከፀሐይ ተጠልሎ አይታረቅበትም።

የተቀረጸውም ግንድ ቢሆን ዝናብና ምስጥ አይተዉትም። ስለዚህ የደረቀውን ያስቀረጸ ከተማ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ጎብኚ እንደመጣለት ብቻ አይደለም፤ ከገቢው ለችግኝ ያዋለው ምን ያህል እንደሆነም ነው። ሐውልቱ ትዝታን ለተወሰኑ ዓመታት ያቆያል፤ ጥላውን የሚመልሰው ግን ዛሬ ተተክሎ ውሃ የሚጠጣው ችግኝ ነው።