ርዳታና ፈቃድ

አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ሥራ አዲስ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም፦ ርኅራኄ ብቻውን ለዚህ ሙያ ይበቃልን? የሚል ነው።

ርኅራኄ መልካም ጠባይ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሚቸኩል ርኅራኄ የሰውን ፈቃድ ይነጥቃል። ዓይነ ስውሩን ክንዱን ይዞ የሚጎትት ሰው፥ መንገዱን ቢያሻግረውም እንደ ዕቃ አጓጓዘው እንጂ አልመራውም። አስቀድሞ ጠይቆ ክርኑን የሚሰጠው ግን መሪ ይሆነዋል፤ ዓይነ ስውሩ ክርኑን ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሲከተል፥ ደረጃውንና መታጠፊያውን ከመሪው ሰውነት እንቅስቃሴ ያውቃልና። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ለመቆለፍ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅበትንም ሰው ቀድሞ መቆለፍ ጊዜ ያተርፋል፤ ዳሩ ግን ትርፉ የረዳቱ፥ ኪሳራው የተረጂው ነው።

ታዲያ ረዳቱ እጁን አጣጥፎ ይቁምን? አይደለም። ሲጠሩት ፈጥኖ መድረስ፥ አደጋም ሲመጣ መከላከል ግዴታው ነው። ከዚህ ውጭ ግን ሕይወቱ የባለቤቱ ናት። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም የራስን ምርጫ የማድረግን ነጻነት ከመሠረታዊ መርሖዎቹ ቈጥሮታል።

እንግዲህ ይህን ሙያ የምትጀምር ወጣት ሆይ፥ እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት ጠይቅ፤ ጠይቀህም መልሱን በትዕግሥት ጠብቅ።