ያማረ ሐሰት ያሞቃልን?

ለመሆኑ አንድ መልካም ነገር የቆመበት ታሪክ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ነገሩ ራሱ ይጎድልበታልን? ሹራቡ ያው ሹራብ፣ ሙቀቱም ያው ሙቀት ከሆነ አብሮት የተሸጠው ተረት እውነት ሆነ አልሆነ ማንን ይጎዳል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁንና ሻጭም ገዢም፣ ጸሐፊም አንባቢም ሳይመልሱት የሚያልፉት በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ።

ከአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ፣ በጎልዌይ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ አራን የሚባሉ 3 ድንጋያማና ነፋሻ ደሴቶች አሉ። በስማቸው የሚጠራው ነጭ ወፍራም ሹራብ ዓለምን ዞሯል፤ በደረቱ ላይ እንደ ልጃገረድ ሹሩባ የተጎነጎኑ ገመድ መሰል መስመሮች ይወርዱበታል። አብሮት የሚነገረውም ታሪክ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ጉንጉን ነበረው፤ ባሕር የበላው ዓሣ አጥማጅ ሬሳው ከቀናት በኋላ ዳር ሲወጣ፣ ፊቱ ባይለይም በሹራቡ ጉንጉን የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር ይባላል።

ልብ የሚነካ ታሪክ ነው፤ ግን እውነት አይደለም። እንግሊዛዊው ጳጳስ ሪቻርድ ረት እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የእጅ ሹራብ ታሪክ እንዳስረዱት፣ የአራን ሹራብ የ20ኛው መቶ ዓመት ልጅ እንጂ የጥንት ቅርስ አይደለም። ጥንታዊነቱን በሰፊው ያናፈሰው በኦክስፎርድ የክር ሱቅ የነበረው ሃይንዝ ኪቬ ነው፤ በ1936 በደብሊን ያገኘውን ሹራብ ከመካከለኛው ዘመን የአየርላንድ የብራና ሥዕሎች ጋር አዛመደው። ተረቱም ከገበያው ጋር አብሮ አደገ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፈሬ ሹራብ በመሥራት የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሚኒሶታ ትኖራለች። በዚያ ብርድ ግንባርና ጆሮ የሚሸፍን፣ የተጎነጎነ የራስ ማሰሪያ እንደሚፈለግ ብትነግራቸው 20 ያህል ለመላክ ተነሡ። አሠራሩን አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ከመካከለኛዎቹ 6 ቀለበቶች 3ቱን በአጭር ሦስተኛ መርፌ ወደ ፊት ያቆያሉ፤ የቀሩትን 3 አስቀድመው ይሠሩና ወደ ቆዩት ይመለሳሉ። ቀለበቶቹ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ይህ በየ6 መስመሩ ሲደጋገም ጉንጉን ይወጣል። ጉንጉኑ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክር በክር ላይ ስለሚደራረብ ይወፍራል፣ በመካከሉም አየር ይይዛል፤ ሙቀቱ ከዚህ ነው። ሥራውን ስለሚሰበስበው ግን ለዝርግ ሹራብ ከሚበቃው የበለጠ ቀለበት ይፈልጋል። ዙሪያውም ከራስ ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ካላነሰ ከጆሮ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራል።

ልጅቷ ታዲያ በማሰሪያው ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ወረቀት እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። የሚጻፈውንም ነገረችኝ፤ ጉንጉኑ ከጎንደር እቴጌዎች ሹሩባ የተወረሰ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ምስጢር ነው እንድል። እናትየው ግን ሥራውን የተማሩት በተማሪነታቸው፣ በባልትና ክፍል ነው። ይህን ባነሣባት «ማንን ይጎዳል? ፈረንጅ ደስ ይለዋል፤ እማዬም ትጠቀማለች» አለችኝ።

መከራከሪያዋ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የአራን ተረትም ለብዙ ሴቶች እንጀራ ሆኗል። ተረት ማውራትስ መች ነውር ሆኖ ያውቃል? ነገር ግን «ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊያወራ እንደሆነ ለአድማጩ አስቀድሞ ነግሮታል። የወረቀቷ ተረት ግን ስሙን ደብቆ ነው የሚገባው፤ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው አምኖ ነው።

ከገዢው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሠሪዋ ነገር ነው። ጉንጉኑ የጥንት ነው ባልን ቁጥር በራሷ ዘመን፣ በራሷ ጭንቅላት ያሰበችው ሴት ትሰረዛለች። ጉንጉኑ የዘር ምልክት ከሆነ ደግሞ ማንም ቢሠራው ለውጥ የለውም፤ መኪናም ይሠራዋል። ዛሬ በአራን ስም ከሚሸጠው ሹራብ ብዙው የመኪና ሥራ ነው፤ ተረቱም አብሮት ይሸጣል። ለእጅ ሥራ ዋጋ ይጨምራል የተባለው ሐሰት መኪናን አገለገለ።

የሚገርመው፣ ለሬሳው ተረት መነሻ ነው የሚባለው ጽሑፍ ሌላ ነገር መናገሩ ነው። በጆን ሚሊንግተን ሲንግ ተውኔት፣ በ1904 ደብሊን ውስጥ በታየው «ወደ ባሕር ጋላቢዎች»፣ እህት የሰመጠውን ወንድሟን የምትለየው በካልሲው ነው። የለየችው ግን በቤተሰብ ጉንጉን አይደለም። ካልሲውን ራሷ ሠርታው ስለነበር፣ ስንት ቀለበት እንደጀመረችና ስንቱን እንደጣለች ታስታውሳለች። ምልክቱ የእሷው እጅ ነበር። ተረተኞቹ እህቲቱን አውጥተው የዘር ምልክት ተኩባት።

እኔም የጻፍኩት አጭር ነው፤ የእናትየውን ስም፣ ሥራውን የት እንደተማሩ፣ አንዱ ማሰሪያ 2 ምሽት እንደሚፈጅባቸው። ይሁንና በሌላ ሰው ኪስ እውነተኛ መሆን ቀላል ነው፤ ገበያው ቢቀዘቅዝ የሚጎዱት እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ የልጃቸውን ሐሳብም የእኔንም ጽሑፍ አንብቤላቸው ምርጫውን ለእሳቸው ተውኩ። ጥቂት ዝም አሉና «የእኔው ይበቃል» አሉ። «ደግሞ በሙቅ ውኃ እንዳይነክሩት ጻፍበት ልጄ፤ ሱፍ ነው፣ ይኮማተራል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ያለውን ብርድ ማን እንደሚችለው ግን ተረቱ አይነግረንም። እኔ እስካሁን የደረስኩበት ይህን ያህል ነው፤ ለሠሪው ስንል ሐሰት እንናገር ስንባባል፣ ሠሪውን ራሱን ጠይቀነው እንደሆነ አስቀድመን ብንመረምር መልካም ነው።