ማየት ይጎዳልን?

በጎጃም ደጋ አንዲት ሴት በወለደች ጊዜ ከውጭ የመጣ ሰው ወደ አራስ ቤት ዘው ብሎ አይገባም። በተለይም ከፀሐይና ከመንገድ የመጣ እንደሆነ በደጅ ጥቂት አረፍ ይላል፤ ከገባም በኋላ ሕፃኑ እስኪገለጥለት ይጠብቃል እንጂ ራሱ አይገልጥም። የልማዱን ምክንያት ቢጠይቁ አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዐይን። በዐይን መበላት የሚባለውን እምነት የተማረው ሰው ትቶታል፤ መተውም ነበረበት። በዚህ እምነት ስም ስንቱ ሸማኔ፣ ስንቱ ቀጥቃጭ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ በጎረቤት ዘንድ ተዋርዶና ተገልሎ ኖሯል። ይሁን እንጂ የሰው ዐይን በእርግጥ የሚገድልበት አንድ ስፍራ አለ። ይኸውም የወፍ ጎጆ ነው።

ነገሩ አስማት የለበትም። ወፊቱ እንቁላሏን የምትጠብቀው በገዛ ሰውነቷ ሙቀት ነው፤ ሰው ሲቀርባት ትነሣለች። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን በሚገኘው፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው የጮቄ ተራራ ላይ፣ በጓሳውና በጅብራው መካከል ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀን ደግሞ የደጋ ፀሐይ ላባ ያላበቀለ ጫጩት ያቃጥላል። ስለዚህ እናቲቱ ከተነሣችበት ደቂቃ ጀምሮ ጎጆው ወይ ይቀዘቅዛል፣ ወይ ይግላል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚህ ብቻ አይወሰንም። ሥዕሉ እንዲጠራለት ጎጆውን የጋረደውን ቅጠል ገለጥ፣ ቅርንጫፉን ሰበር ያደርጋል። ያ ቅጠል ግን ለእርሱ መጋረጃ ቢሆንም ለጫጩቶቹ ጣራ ነበር። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የረገጠው ሣር መንገድ ሆኖ ይቀራል። በዚያ መንገድ እረኛም ቀበሮም ይመጣበታል፤ ከላይ ደግሞ ሰው የቆመበትን ስፍራ ልብ ብሎ የሚያይ ቁራ አለ። እንቁላል መጣል የጀመረች ወፍ ከተደናገጠች ጎጆዋን ፈጽማ ልትተው ትችላለች። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ሁሉ አያይም፤ እርሱ ሄዷል። በእጁ ያለው ሥዕል ሕያው ነው።

ይህ ሥራ ሲጀመር የደግነት ሥራ እንደ ነበር መካድ አይገባም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የማይገኘውን ጋጋኖ ለአውሮፓ ሳይንስ ባስተዋወቀበት ዘመን ወፍን ማወቅ ማለት ወፍን መግደል ማለት ነበር። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን እ.ኤ.አ. በ1895 በፎቶግራፍ የተደገፈ የወፍ ጎጆ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ እንቁላል መሰብሰብ እንደ ጨዋ ሰው ጨዋታ በሚቆጠርበት አገር ሳይነኩ መውሰድ እንደሚቻል አሳዩ። ለመደበቅ ሲሉም ውስጡ ባዶ በሆነ የበሬ ቆዳ ውስጥ እስከ መግባት ደርሰዋል። (የጎጃም ገበሬ ይህን ቢሰማ በሬው ምን በወጣው ሳይል አይቀርም።) ከእነርሱ በኋላ የተነሣው ኤሪክ ሆስኪንግ እ.ኤ.አ. በ1937 በዌልስ በጉጉት ጎጆ አጠገብ ወዳዘጋጀው መሸሸጊያ ሲወጣ ጉጉቷ በጥፍሯ መትታው ግራ ዐይኑን አጣ። ሥራውን ግን ዕድሜውን ሙሉ ቀጠለ። የማየትን ዋጋ ተመልካቹ ራሱ የከፈለበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይደለም፤ አብዛኞቹ ወፎች እንደ ጉጉት ያለ ጥፍር የላቸውም። የእንግሊዝ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1981 ብርቅ የሆኑ ወፎችን በጎጆአቸው እያወኩ ፎቶግራፍ ማንሳትን ያለ ፈቃድ ከልክሏል።

ጥያቄው ከካሜራ በፊትም ነበረ። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅቃት ያዛል። ሕጉ የሚናገረው ስለ መውሰድ ነው፤ ስለ ማየት አንዳች አይልም። ያየ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳልና። ካሜራ ይህን ድንበር አፍርሷል። የሚያይ ሁሉ የሚወስድ ሆነ፤ የሚወስደውም ነገር ከስፍራው የጎደለ አይመስልም። ዛሬ ደግሞ በየኪሱ ስልክ በያዘ ሰው ዘንድ አንዱ የወሰደው ሥዕል ሌሎችን ወደዚያው ጎጆ ይጠራል።

ይህ ሲባል ግን ማየት ሁሉ በደል ነው ማለት አይደለም። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩትን ነጫጭ ፔሊካኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። ፔሊካኖቹ በሻላ ጎጆ ሠርተው ምግባቸውን ከአቢጃታ ያመጡ እንደ ነበር፣ አንዱ ሐይቅ ቢጎዳ የሌላው ጎጆ እንደሚራብ መታወቁ ወፎቹን ለመጠበቅ የሚረዳ እውቀት ነው። ተመልካቹ ያገኘው ነገር ለታየው ፍጡር ተመልሷል። ለግድግዳ ጌጥ፣ ለውድድር ሽልማት ወይም ለመጽሔት ሽፋን የሚነሣ ሥዕል ግን ለወፊቱ የሚመልስላት ምን አለ?

«የሰውን ልብ ያራራል» የሚል መልስ ይሰጣል። ከዚህ ላይ የሚነሣው የኪነ ጥበብ እውነት ጉዳይ ነው። የጎጆ ፎቶግራፍ ተወዳጅነቱ የእናትነትን ርኅራኄ ስለሚያሳይ ነው። ነገር ግን ጉትዬዋን ያቆመች፣ አፏን የከፈተች፣ ክንፏን የዘረጋች ወፍ በሥዕሉ ላይ ስትታይ ተመልካቹ ደስታ ወይም ዝማሬ ይለዋል። ምናልባት ድንጋጤ ነበር። ያስደነገጣትም ሥዕሉን ያነሣው ሰው ነው፤ እርሱ ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም። ሠዓሊ ከልቡ አውጥቶ ቢሥል ማንንም አልጎዳም፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን «የሆነው ይህ ነው» እያለ የሆነውን ግማሽ ይሸሽጋል። እንክብካቤን ለማሳየት እንክብካቤን ያቋረጠ ሥራ፣ ብርሃኑና አቀማመጡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በውስጡ ውሸት አለበት። አንዳንድ የፎቶግራፍ ውድድሮች የጎጆ ሥዕል መቀበል ማቆማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህም ሁሉ ጋር በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለሚኖር ፎቶግራፍ አንሺ የሚቀርበት ነገር ያን ያህል አይደለም። ጋጋኖ የሚራባው በገደል አፋፍ ላይ፣ ብዙ ሆኖ ነው፤ ወደዚያ መውጣት መንጋውን ሁሉ ማስነሣት ይሆናል። ያው ጋጋኖ ግን ጎሕ ሲቀድ እየጮኸ ከገደሉ ይነሣና ወደ ሜዳውና ወደ ታረሰው መሬት ይወርዳል። ከብት በተሰማራበት መስክ፣ እረኛው ዱላውን ተደግፎ ባለበት፣ በረጅም ቆልማማ መንቁሩ መሬቱን እየወጋ ትልና ጥንዚዛ ይለቅማል። እረኛውን አይቶታል፤ መልቀሙን ግን አላቋረጠም።