በሰው ስም የተቀመጠ ሀብት

በ2014 እ.ኤ.አ. አራቱ የሂንዱጃ ወንድማማቾች፣ ስሪቻንድ፣ ጎፒቻንድ፣ ፕራካሽና አሾክ፣ በአንድ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። በማናቸውም ወንድም ስም ያለ ሀብት የአራቱም ነው ይላል ደብዳቤው። አባታቸው ፓርማናንድ ከሲንድ ተነሥቶ በንግድ የከበረ ሰው ነበር፤ ልጆቹ ንግዱን እስከ ለንደንና ጄኔቭ አደረሱት፤ ሳይከፋፈሉም ብዙ ዘመን ኖሩ። ጠቡ የተነሣው ጄኔቭ ባለው ባንካቸው ነው። ባንኩ በታላቁ በስሪቻንድ ስም ብቻ ነበር። ሦስቱ ታናናሾች በደብዳቤው ተደግፈው ሊይዙት ሲሞክሩ፣ ስሪቻንድ ደብዳቤው ሕጋዊ ኃይል የለውም ሲል ለንደን ላይ ከሰሳቸው። ነገሩ በ2020 አደባባይ ሲወጣ ሽማግሌው በሕመም ምክንያት ራሱ መከራከር ስላልቻለ፣ ስለ እርሱ የቆመችው ልጁ ቪኑ ነበረች። በ2022 ታረቁ፤ በ2023 እርሱ ሞተ።

ከሃዲው ማን ነው? ፈርሞ የካደው ታላቅ ወንድም? ወይስ እርሱ ሲደክም የተነሡበት ታናናሾቹ? ነገሩ በዕርቅ ስለ ተዘጋ እኔም ለመፍረድ አልቸኩልም። የሚያሳስበኝ ከፊርማው በፊት ያለው ዘመን ነው። በመዝገብ የአንዱ፣ በማዕድ ዙሪያ ግን የሁሉ የሆነ ሀብት ሁለት ማንነት ይዞ ይኖራል። ሁሉም ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ሁለቱ አይጋጩም። አንዱ ሲታመም ወይም ሲሞት ግን የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው።

ከምንኖርባት ከኦፕፊኮን በባቡር ጥቂት ደቂቃ ሄዶ ዙሪክ የወረደ ሰው በምሥጢራቸው የታወቁትን ባንኮች ያገኛል። የ1934ቱ የባንክ ሕግ አንቀጽ 47 የደንበኛን ምሥጢር ያወጣውን ይቀጣል። ብዙ ወገኖቻችን በቁጥር የሚጠራ ሒሳብ ባለቤቱ የማይታወቅ ይመስላቸዋል። ባንኮቹ ግን በ1977 ከገቡት የጋራ ውል ወዲህ ገንዘቡ በእርግጥ የማን እንደ ሆነ የማጣራት ግዴታ አለባቸው። በሥጋ ዘመዳሞች መካከል ይህንኑ መጠየቅ ነውር ነው።

የእኛው ጉዳይ በገንዘብ ያንሳል እንጂ ያው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ስደተኛ በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ያሠራውን ቤት በወንድሙ ስም ያስመዘግብ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩን ከከፈተ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ ቤቱን ወደ ራስ ስም ማዞር ወንድምን አለማመን ይመስላልና። (የቤተሰብ ስም የሌለን ሕዝብ መሆናችን ይገርመኛል፤ እያንዳንዱ በገዛ ስሙና በአባቱ ስም እየተጠራ፣ ስሙን ለሌላ ለማበደር ግን አይሰስትም።)

ወንድምየው ቤቱን ሲክድ ስደተኛው ያለቅሳል፤ እውነትም አለው፤ አደራ አደራ ነው። ነገር ግን ወንድሙን በሹም ፊት «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ያሰኘው ማን ነበር? ሐሰቱን የጠየቀ ሰው ዕዳው ባይጠፋበትም ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ያ ወንድም ቃሉን ለቀበሌ፣ ለግብር ሰብሳቢ፣ ለጎረቤት ሃያ ዓመት ደጋግሞታል፤ በመጨረሻ ቢያምነው ምን ይደንቃል? ከእርሱም የባሱ ልጆቹ ናቸው፤ አይዋሹምና። በዚያ ቤት ተወልደው አድገዋል፤ ካርታው ላይ የሚያነቡት የአባታቸውን ስም ነው። አጎታቸውን የሚያውቁት ለበዓል ገንዘብ የሚልክ የስዊስ ሰው አድርገው ነው።